ሆዱ ጠፍጣፋ፣ ጀርባው ክምር

ለሚመለከተው ሁሉ፦ ሆዱ ጠፍጣፋ፣ ጀርባው ክምር የሆነው ነጭ ደመና በዚህ ዓለም ላይ የሚገኘው በአንድ ቦታ ብቻ መሆኑን፣ ይኸውም ከመዋዕለ ሕፃናታችን ፊት ለፊት ካለው ላውንደሪ ጣሪያ በላይ መሆኑን፣ እኛ «ትልልቆቹ» የምንባለው ክፍል ተማሪዎች በሙሉ ድምፅ ማረጋገጣችንን በታላቅ አክብሮት እንገልጻለን። የተቃወመም ሆነ ድምፀ ተአቅቦ ያደረገ የለም። ድንቡሼ የምንለው ልጅ ብቻ ሽንት ቤት ስለነበር አልተቆጠረም፤ ሲመለስ ግን እሱም ደግፏል።

ይህ አቋማችን በሳይንሱ ዘንድ ተቀባይነት አላገኘም። እኔም ካደግሁ በኋላ ያንኑ ደመና በሰው ጣሪያ ላይ፣ ጭራሽ ጣሪያ በሌለበት ሜዳ ላይ ሲንሳፈፍ በዓይኔ አይቼዋለሁ። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ተጭበርብሬአለሁ የሚል ስሜት ነው ያደረብኝ። ተጭበርብሬም ነበር።

መጠርጠር ያስተማረችኝ እቴቴ ናት። እቴቴ የእናቴ ታላቅ እህት ስትሆን አብራን ትኖር ነበር። ወተት ሻጩ ሲቀዳላት የምታየው ዓይኑን ነው፤ እጁንማ ማንም ያየዋል ትላለች። ጎረቤት ሰላም ካላት «ምን ፈልጎ ነው?» ሰላም ሳይላት ካለፈ «ምን ደብቆ ነው?» የመስኮታችን መጋረጃ አንዱ ጥግ እሷ ገለጥ እያደረገች ስታይበት ከጣቷ ወዝ የተነሳ ጠቁሮ ነበር። እናቴ ልብስ ሰፊ ስለሆነች ቀኑን ሙሉ ከስፌት መኪናዋ አትነሳም። ስለዚህ ትምህርት ቤት የምታደርሰኝም የምትመልሰኝም እቴቴ ነበረች፤ መንገዱን ሁሉ ደግሞ ትምህርት ትሰጠኛለች።

«አንድ ጊዜ ገበያ መሃል አንዱ ‹እትዬ፣ ያቺን አሞራ አዩዋት?› አለኝ» ትላለች። «ቀና አልኩ። ዝቅ ስል ጃንጥላዬ የለም። አንቺ ልጅ፣ ሰው ወደ ላይ እዪ ካለሽ እጁ የት እንዳለ እዪ።»

ይህን ትምህርት በልቤ ይዤ ሳለ ነው እንግዲህ ቲቸር ደመና ማስተማር የጀመረው።

ቲቸር ረጅም ነው። ብዙ ጊዜ ራሱን ከበሩ ጉበን ጋር ስላጋጨ ሜዳ ላይ እንኳ ጎንበስ ብሎ ነው የሚሄደው። ማስተማሩን ከጠየቃችሁኝ፣ ዛሬም ድረስ እንደሱ የሚያስተምር አላየሁም። ሰማያዊ ወረቀት ላይ ጥጥ አስለጠፈን። አበባ ጎመን አምጥቶ ለሁለት ሰነጠቀና በተቆረጠው በኩል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «ይኼው ክምር ደመና» አለ። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው ሞቃቱ አየር እርጥበቱን ይዞ እንደሚወጣ፣ አንድ ከፍታ ላይ ሲደርስ በርዶ ደመና እንደሚሆን፣ ሁሉም እዚያው ከፍታ ላይ ስለሚጀምሩ ሆዳቸው በማይታይ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ እንደሚመስል ነገረን። ከዚያ ዜማ አወጣለት።

«ሆዱ?»

«ጠፍጣፋ!»

«ጀርባው?»

«ክምር!»

«ዳሩ?»

«ጥርት ያለ!»

«ቀለሙ?»

«ነጭ!»

እስከዚህ ምንም የሚያጠራጥር ነገር የለም። ነገሩ የከፋው ደመናው አላልቅ ሲል ነው። ቅጠልን በአንድ ጠዋት ጨረስን። ድንጋይም እንደዚያው። ደመና ግን በየቀኑ ከእረፍት በፊት ይመጣል። የምናየው ደግሞ ከጓሮ አልነበረም። ጓሯችን ሰፊ ነው፤ ሰማይ እንደ ልብ አለ። ቲቸር ግን በሩ አጠገብ ያለችው ጠባብ ግቢ ወስዶ፣ ከግድግዳው ጋር አሰልፎ፣ ፊታችንን ወደ ላውንደሪው ያዞረናል። ከዚያ የሚታየው ሰማይ መሐረብ ታክላለች።

«ኮፍያ አውልቁ። ደመና በኮፍያ አይታይም።»

እናወልቃለን።

«አንቺ መሃል ነይ። ፀጉርሽን ከፊትሽ ላይ መልሺው።»

ለምን እኔ? ድንቡሼ ሁሌም አፍንጫው ይዝረከረካል፤ አፍንጫህን ጥረግ ያለው የለም። የእኔ ፀጉር ግን ክትትል ይደረግበታል።

«አሁን ሁላችሁም ቀና!»

ሁሉም ቀና ይላል። እኔ እጁ የት እንዳለ አያለሁ። እጁ ኪሱ ውስጥ ነው። ዓይኑ ግን ደመናው ላይ አልነበረም። መጀመሪያ ጣሪያውን ያያል፤ ቀጥሎ እኔን ያያል፤ ቀጥሎ ምንም እንዳልሠራ ሰው ጫማውን ያያል። ሲጨርስ ባርኔጣውን አንሥቶ መልሶ ያደርጋል።

ጣሪያው ላይ ደግሞ ሰውዬው አለ። ቀጭን ነው፤ የልብስ መቆንጠጫዎች በጥርሱ ይዞ አንሶላ ያሰጣል። እኛ ስንወጣ ሥራውን ያቆማል። የያዘው አንሶላ ከእጁ ተንሸራቶ ግማሹ ወለሉ ላይ ይወድቃል፤ እሱ አያየውም። እኛ ስንገባ ከወደቀበት አንሥቶ፣ አራግፎ፣ እንደገና ሊያጥበው ይዞት ይገባል። የታጠበ አንሶላ አፈር የሚያስነካ አጣቢ ምን ዓይነት አጣቢ ነው? እቴቴ ብትሆን ይህን ጥያቄ ይዛ ሳምንት ትጓዝበት ነበር።

መረጃዬን ሰበሰብሁ። ሊሰርቁ ነው። ግን ምን? ኳሱ ፈንድቷል፤ ዥዋዥዌው ከመሬት ጋር በሲሚንቶ የተያያዘ ነው። የቀረነው እኛ ነን። ቲቸር ልጆቹን ደርድሮ ያሳያል፤ ሰውዬው ከላይ ሆኖ ይመርጣል። በመጠን ከሆነ ድንቡሼ እንደሚመረጥ አልተጠራጠርኩም፤ ለእሱም አዘንኩለት። በኋላ ግን ሰውዬው የሚያየው እኔን መሆኑን ደረስኩበት። ደነገጥኩ። ትንሽም ኮራሁ።

በዚያው ሰሞን ከእናቴ የስፌት ጠረጴዛ ሥር፣ ከቁርጥራጭ ጨርቆቹ መሃል ተቀምጬ የሰማሁት ወሬ አለ። እናቴ ዚፕ ትተክላለች፤ እቴቴ ቁልፍ ትለቅማለች።

«ሥራ ይዟል አሉ» አለች እናቴ።

«ይያዝ። ይዞ የማያውቀውን ይያዝ።»

«ትቷል ይላሉ እትዬ። ከንፈሩን አያስነካም።»

«ከንፈሩን ማን ቆሞ ይጠብቅለታል? በአፉ ነው የሚያወራው። ለማንኛውም ቃል ገብቶልኛል። ከትምህርት ቤቷ በር ብደርስ እግሬን ቁረጡት ብሏል።»

«እስከ መቼ ነው ግን?»

«እስካምነው።»

«አንቺ ማንን አምነሽ ታውቂያለሽ?»

እቴቴ ሌላ ቁልፍ ለቀመች። እናቴም የስፌት መኪናዋን ማንቀሳቀስ ጀመረች፤ በቤታችን ንግግር የሚዘጋው እንደዚያ ነበር። እኔ ጠረጴዛው ሥር ሆኜ የገባኝ፣ አንድ ዋሽንት ነፊ ሙያውን እንደተወና እግሩን ሊያስቆርጥ እንደተስማማ ነው። ከእኔ ጉዳይ ጋር አላገናኘሁትም። የራሴ ሌባ ነበረኝ።

እዚህ ላይ ትልቋ ሴትዮ፣ ማለትም ያደግሁት እኔ፣ ጣልቃ ገብታ ነገሩን ብታስተካክል ይሻላል። ዋሽንት ነፊ የለም። ሌባም የለም። ጣሪያው ላይ ያለው ሰው አባቴ ነው።

አባቴን ሩቅ አገር ነው ያለው ብለውኝ ነበር። መልኩን አላውቀውም፤ ከቤት ሲወጣ ገና አፌን አልፈታሁም። ይጠጣ ነበር። አንድ ቀን ሊያናፍሰኝ ይዞኝ ወጥቶ መጠጥ ቤት ወንበር ላይ አስተኝቶኝ፣ ረስቶኝ ቤቱ ገብቶ ተኛ። አስተናጋጇ ናት ታቅፋ ያመጣችኝ። በሩን የከፈተችላት እቴቴ ነበረች፤ ሌላ በር የዘጋችውም ያኔ ነው። ስካሩ እስኪወጣልህ፣ እስክትታመን ድረስ ወደ ልጅቷ ዝር እንዳትል አለችው። ቃል ገባ። ሩቅ አገር ማለት እንግዲህ መንገድ ማዶ ነበር።

አባቴና ቲቸር የልጅነት ጓደኛሞች ናቸው፤ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተማሩ። ይህን ሁሉ በኋላ የነገረኝ አባቴ ነው።

«እኔ እንኳ የጠየቅሁት ደህና ናት ወይ ብዬ ብቻ ነው» አለኝ። «‹ራስህ እያት እንጂ፣ ከጣሪያህ ሥር አይደለች?› አለኝ። ‹ከላይ ሆኜማ የማየው ፀጉሯን ነው› አልኩት። ትንሽ አሰበና ‹ቀና አደርግልሃለሁ› አለኝ። በምን እንደሚያደርገው አልነገረኝም።»

በደመና አደረገው። አባቴም በሩ ጋ አልደረሰም፤ ቃል አላናገረኝም፤ የገባውን ቃል በመለኪያ ለክቶ ጠብቋል። እቴቴ ካየችው ግን መለኪያውን የምትይዘው እሷ ናት፤ ያቺም ከእረፍት በፊት የምትገኝ አንድ ፊት ትቀርበታለች። ቲቸር ደግሞ ሥራው ይቀርበታል። እኔ ይህን አላውቅም። እኔ የማውቀው ልሰረቅ መሆኑን ነው።

ዳይሬክተሯ አንድ ቀን ክፍላችን ገባች። የቁልፎቿ ድምፅ ከእሷ ቀድሞ ስለሚደርስ ሁላችንም እጃችንን አጣጥፈን ጠበቅናት። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ጥጥ ሁሉ እያየች ዞረች። የደመና ጎርፍ ነው።

«በጣም ጥሩ» አለች። «ይህ ደመና የት ነው የሚገኘው?»

«ከላውንደሪው በላይ!» አልን፣ ግድግዳው እስኪንቀጠቀጥ።

«ሌላስ?»

ሌላስ? የማይረባ ጥያቄ ነው። ተያየን።

«ሌላ ቦታ የለም» አለ ድንቡሼ። «ሌላ ቦታ ስንፈልግ ቲቸር አንገታችንን ይመልሰዋል።»

«አንገታችሁን?»

«ቀስ አድርጎ ነው» አለ ድንቡሼ፣ የሚከላከልለት መስሎት።

ዳይሬክተሯ ቲቸርን በሩ ላይ ወስዳ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ተናገረችው። ከፊት ስለምቀመጥ ቁርጥራጩ ደርሶኛል። «…ጓሮ እያለ… ያ ጣሪያ ላይ የሚቆመው ማነው?… አጣቢ ብቻ ከሆነ ልጆቹን ምን ብሎ ያያል?…» ቲቸር ጫማውን እያየ ነው። ጎንበስ ያለው ሰውዬ የባሰ ጎንበስ አለ።

በምሳ ሰዓት እቴቴ ልትወስደኝ መጣች። በቃ፣ ነገርኳት። ኮፍያውን፣ ፀጉሬን፣ ባርኔጣውን፣ አፈር የነካውን አንሶላ፣ ሁሉንም። እንዲህ ባለ ትኩረት አዳምጣኝ አታውቅም። ስጨርስ ጉንጬን ሳመችኝ። «የኔ ልጅ» አለች፤ ተመርቄ ዲግሪ ሳመጣ እንኳ በዚያ ድምፅ አልጠራችኝም። ከዚያ እጄን ይዛ ቀጥታ ዳይሬክተሯ ቢሮ ገባች።

የተጠራጠሩ ሁለት ሴቶች ሲገናኙ ትውውቅ አያስፈልጋቸውም። ሻይ እንኳ ሳይባባሉ ተግባቡ።

«ነገ መምህሩ እርስዎ ባሉበት ደመናውን ያሳየናል» አለች ዳይሬክተሯ። «ከዚያ ሰውዬ ጋር አንዳች ጉዳይ ካለው፣ ዕቃውን ይዞ ነው የሚወጣው።»

«ሰውዬውን ለእኔ ተዪልኝ» አለች እቴቴ። «ፊቱን አንዴ ልየው እንጂ።»

በማግስቱ ሰማዩ ተበላሸ። ዳር የለው፣ ጀርባ የለው፤ ከዳር እስከ ዳር አመድማ ብርድ ልብስ የተወጠረበት ይመስላል። ግድግዳው ጋ ተሰለፍን። እቴቴ እጄን ይዛ መሃል ቆማለች፤ ዳይሬክተሯ ቁልፎቿን በመዳፏ ጨብጣ ዝም አሰኝታቸዋለች።

«ዛሬ ክምር ደመና አይወጣም» አለ ቲቸር። «መሬቱ አልሞቀም። ይሄ ምንጣፍ ደመና የሚባለው ነው። ጓሮ ሄደን ብናየው…»

«እዚሁ» አለች ዳይሬክተሯ። «ልጆቹ ሁልጊዜ እዚያ አለ ይላሉ። ያሳዩን።»

ቲቸር ቀና አለ። አለ ወይስ የለም ብሎ የሚያጣራ ሰው መስሎ በጣም ቆየ። በመጨረሻም እጁን ወደ ላውንደሪው ጣሪያ ዘረጋ። «ያውና» አለ፣ ለራሱ እንኳ በማይሰማ ድምፅ።

«ቲቸር፣ የለም እኮ» አልኩ። «ሆዱ የታለ?»

ያስተማረኝን ነው የጠየቅሁት። ጆሮው ቀላ።

ያኔ የጣሪያው በር ተከፈተና ሰውዬው አንድ ትልቅ አንሶላ ታቅፎ፣ መቆንጠጫዎቹን በጥርሱ እንደያዘ ወጣ። እንደ ልማዱ ወደ እኛ ዞረ። ዳይሬክተሯን አየ። ቀጥሎ እቴቴን አየ። መቆንጠጫዎቹ ከአፉ ሲረግፉ ከታች ሆኜ አየሁ።

እጄን የያዘው የእቴቴ እጅ ጠበቀ።

የሚሮጥበት ቦታ አልነበረውም፤ በሩ ከኋላው በንፋስ ተዘግቷል። አንሶላውን በሁለት እጁ ከራሱ በላይ አንሥቶ ዘረጋውና ከጀርባው ቆመ። ንፋሱ ገባበት። ከላይ አበጠ፣ ጎበጥ ጎበጥ አለ፣ እንደ አበባ ጎመኑ ተቋጠረ፤ ከታች ደግሞ የጣሪያው ግንብ እንደ ማስመሪያ ቀጥ አድርጎ ቆረጠው። በአመዱ ሰማይ ላይ ነጭ ነው። ዳሩ ጥርት ያለ ነው።

«ሆዱ ጠፍጣፋ!» ብሎ ጮኸ ድንቡሼ።

«ጀርባው ክምር!» አልን ሁላችንም፤ እኔም ጭምር፣ ሳላስበው። ማንም ሳይጠይቀን ዳሩንም ቀለሙንም ዘረዘርን።

«ልጆች፣ ይሄ አንሶላ ነው» አለች ዳይሬክተሯ።

«ሆዱን እዪው» አለ ድንቡሼ። በትምህርት የመጣበትን አይወድም።

አንሶላው ጫፍ ላይ ግራና ቀኝ የጨበጡት ጣቶች ይታያሉ። በሳሙናና በውኃ ብዛት የነጡ፣ የተጨማደዱ ናቸው። አይንቀጠቀጡም። ፈጽሞ አይንቀጠቀጡም። እቴቴ እነዚያን ጣቶች ነበር የምታየው፤ የወተት ሻጩን ዓይን እንደምታየው አድርጋ፣ ዓይኗን ሳታርገበግብ።

«ያን ሰው ያውቁታል?» አለቻት ዳይሬክተሯ።

«የቱን ሰው?»

«ከአንሶላው ጀርባ ያለውን ነዋ።»

«እኔ የማየው አንሶላ ነው።»

«ትናንት እኮ እርስዎ ራስዎ…»

«ትናንት የነገረችኝ ልጅ ናት። ልጅ የማታየው ነገር አለ?» አለች እቴቴ። ከዚያ ጎንበስ ብላ ፀጉሬን ከግንባሬ ላይ በመዳፏ ወደ ኋላ መለሰችው። አገጬን በሁለት ጣቶቿ ያዘችና ወደ ጣሪያው አቀናችው። «እዪ» አለችኝ። «ቲቸርሽ እንዳለሽ፣ ቀና ብለሽ እዪ።»

አየሁ። አንሶላው ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ዝቅ አለ። ሁለት ዓይኖች ከላዩ ወጡ።

ያን ዕለት ወደ ቤት ስንሄድ አንድም ትምህርት አልሰጠችኝም። ደረስኩበት፤ ገዝተዋታል። ጃንጥላ ሰጥተዋት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ያሳደገችኝን ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ የጠረጠርኩት ያኔ ነው፤ መጋረጃው ጋ ስትቆም እኔ ደግሞ ከኋላዋ ቆሜ እጇ የት እንዳለ አይ ነበር። ቲቸር ሥራው ላይ ቆየ። ደመና በሳምንት አንዴ እንዲሆን ተወሰነበት።

ትልቁን ትምህርት ቤት ልጀምር ስል አባቴ ከሩቅ አገር መጣ። ሸሚዙ የተተኮሰ ነው፤ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ እጁን የት እንደሚያስቀምጥ ጠፍቶት ጉልበቱ ላይ አደረገው። አቀፈኝ። ወጥ ቤት ሄጄ ለእቴቴ ሪፖርት አቀረብኩ።

«እቴቴ፣ ሩቅ አገር በረኪና በረኪና ይሸታል።»

«ንጹሕ አገር ነው» አለች፣ ብርጭቆ ማድረቋን ሳታቆም።

ቀሪውን ቀስ በቀስ አባቴ ነገረኝ። ቲቸርንም አግኝቼው ሁሉን አጫውቶኛል፤ እንዲያውም በዚያ አንሶላ ምክንያት ምንጣፍ ደመናን ሳያስተምረን መቅረቱ ዛሬም ይቆጨዋል። የእቴቴን ነገር ግን ሁለቱም አያውቁም። አባቴ ያን ቀን እየጠበቀ አመሸ፤ መጥታ ታባርረኛለች ብሎ። አልመጣችም። አንድም ቀን አላነሣችበትም።

ባለፈው ሄጄ ጠየቅኋት። እዚያው መስኮት ጋ ተቀምጣለች፤ መጋረጃው ተቀይሯል፣ ጥጉ ግን ጠቁሯል። ማዶ ሕንፃ ላይ ቀለም የሚቀባ ሰው እየተከታተለች ነበር፤ ብሩሹን በግራ እጁ የሚይዘው ለምን እንደሆነ አልገባትም።

«እቴቴ፣ ያን ቀን አባቴን አውቀሽዋል አይደል?»

«የቱን ቀን?»

«የአንሶላውን። በጣቶቹ ነው? አለመንቀጥቀጣቸውን አይተሽ ነው? ወይስ ቀድመሽ ጠርጥረሽ ነበር?»

መጋረጃውን ለቀቀችው። ይህች ሴት በሕይወቷ የጠረጠረችውን ሰው ሁሉ ለምን እንደጠረጠረች ሳታስረዳኝ አሳልፋ አታውቅም፤ የወተት ሻጩን፣ የጎረቤቱን፣ የጃንጥላውን ሌባ ምክንያት ሁሉ ከነዝርዝሩ አውቃለሁ።

«አንሶላ ነው ያየሁት» አለች።

«አገጬን ይዘሽ ቀና ያደረግሽኝስ? ለምን?»

«አንሶላ ነው ያየሁት አልኩሽ። ለምን ላልሽው አልመልስልሽም፤ ዛሬም ነገም።»